ቅዱስ ያሬድ፦ እስትንፋስን ለዜማ የቀደሰ ሊቅ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የማኅሌታዊውን የቅዱስ ያሬድን መታሰቢያ በዓል ታከብራለች። በዓሉ በአክሱም ጽዮን፣ በጎንደርና በጎጃም አድባራት፣ በመዲናችን በአዲስ አበባና የተዋሕዶ ልጆች በሚገኙበት ሥፍራ ሁሉ ይታሰባል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በጂንካ ከተማ የሚኖሩ ምእመናንም ይህንኑ ዕለት በየዓመቱ ያስቡታል። ጂንካ ከአክሱም እጅግ ትርቃለች፤ የዜማ መምህራን ከሚፈልቁባቸው ከጋይንትና ከጎንደርም ሩቅ ናት። ይሁን እንጂ በዚያ የሚቀደሰው ቅዳሴና የሚቆመው ማኅሌት ከ1400 ዓመታት በፊት በአክሱም የተጀመረው ያው የያሬድ ዜማ ነው።

ይህ ዜማ እንዴት ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ፣ ከአክሱም እስከ ኦሞ ምድር ደረሰ? ለጥያቄው መልስ የሚሰጠን የቅዱሱ ሕይወት ራሱ በመሆኑ፣ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ታሪኩን ባጭሩ ለመመልከት እንሞክራለን።

የአክሱም ልጅ

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። እናቱ ታውክልያ ትባል ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ የዘመዱ የአባ ጌዴዎን ደቀ መዝሙር ይሆን ዘንድ ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የመጻሕፍት መምህር ነበር። ዘመኑም አክሱም የገነነችበት፣ መርከቦቿ በቀይ ባሕር የሚመላለሱበት፣ በስሟ የተቀረጸው የወርቅ ገንዘብ በውጭ አገር ገበያ የሚታወቅበት ዘመን ነበር። ቅዱሳን አባቶች መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ የተረጐሙበትና ገዳማትን ያቀኑበት ዘመንም ነበር።

ሕፃኑ ያሬድ ግን ለትምህርት የተፈጠረ አይመስልም ነበር። ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊትን ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ትምህርት ሲሻገሩ እርሱ በንባብ ላይ ቀረ። ዛሬ ያነበበውን ነገ አያስታውሰውም። መምህሩ አስተማረው፣ ገሠጸው፣ በዘመኑ ሥርዓትም ገረፈው። ባልንጀሮቹ መሳለቂያ አደረጉት። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን የሕይወት ምዕራፍ ሲሰማ የራሱን ልጅነት ማስታወሱ አይቀርም፤ በጉባኤ መካከል ቀለም የጠፋበት ተማሪ የሚሰማው ኀፍረት ከዱላው ይልቅ ያማልና።

ያሬድ ኀፍረቱንና ግርፋቱን መታገሥ ስላልቻለ ከመምህሩ ቤት ኮብልሎ ወጣ። ማይ ኪራህ ከተባለ ሥፍራ በደረሰ ጊዜ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትጥር አየ። ጥቂት ወጥታ ወደቀች፤ እንደገና ተነሥታ ወጣች፤ ደግማም ወደቀች። እንዲህ ስድስት ጊዜ ከወደቀች በኋላ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ደርሳ ምግቧን አገኘች። ልጁ ይህን አይቶ በራሱ ፈረደ። ይህች ታናሽ ፍጥረት ለሆዷ ስትል ይህን ያህል ከደከመች፣ እርሱ ስለ እግዚአብሔር ቃል ጥቂት ግርፋትን ባለመታገሡ አዘነ፤ አለቀሰም። ወደ አባ ጌዴዎንም ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ።

መምህሩም በፍቅር ተቀበለው፤ ስለ እርሱም ጸለየ። ከዚያ በኋላ የያሬድ ልቡና ተከፈተለት። መዝሙረ ዳዊትን ብቻ ሳይሆን ብሉያትንና ሐዲሳትን ባጭር ጊዜ ውስጥ አወቀ፤ መዓርገ ዲቁናንም ተቀበለ። የቀድሞው ሰነፍ ተማሪ ለሌሎች የሚተርፍ ሊቅ ሆነ።

ይህ ታሪክ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ሲነገር የሚኖረው ልጆችን ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በኋላ ዘመን የተነሡ መምህራን ሁሉ ከእርሱ የወረሱት አንድ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ዜማ በአንድ ቀን አይገኝም፤ የሚገኘው በመውደቅና በመነሣት፣ በመርሳትና በመከለስ ነው። መምህሩም ከኮበለለበት የተመለሰውን ተማሪ የሚቀበል አባት መሆን አለበት። አባ ጌዴዎን በሩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ድጓ ባልኖረ ነበር።

ሦስቱ አዕዋፍና ሦስቱ ዜማዎች

ገድሉና ስንክሳሩ እንደሚተርኩት፣ በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ከፍ ባለ የዜማ ድምፅ ማመስገን ገና አልተለመደም ነበር፤ ጸሎቱ የሚደርሰው በንባብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። እግዚአብሔርም ለራሱ መታሰቢያ ያቆም ዘንድ በወደደ ጊዜ ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍ ወደ ያሬድ ተላኩ። በሰው አንደበት ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም አወጡት። በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ምስጋና ሰማ።

ወደ ምድር በተመለሰ ጊዜ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገባ፤ በታቦተ ጽዮንም ፊት ቆሞ የሰማውን ዜማ በታላቅ ድምፅ አሰማ። ይህ የመጀመሪያው ዜማ አርያም ተብሎ ይጠራል። ድምፁ በከተማው በተሰማ ጊዜ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ሕዝቡም ሳይቀር ወደ ቤተ መቅደሱ እየሮጡ መጥተው ሲሰሙት ዋሉ።

ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንከር ያለ ዜማ ነው። ዕዝል ረጋ ያለና የለሰለሰ ነው። አራራይ ከፍ ብሎ የሚወጣ፣ ልብን የሚያራራ ቀጭን ዜማ ነው። ሊቃውንቱ ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ሦስቱም በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ሰው አንደበት ስለሚደመጡ የምሥጢረ ሥላሴ ማስታወሻ ናቸው። አንድ ምእመን የግዕዝ ቋንቋን ባያውቅ እንኳ ከበሩ ሲደርስ ዜማውን ሰምቶ የደስታ በዓል ወይም የሐዘን ሰሙን መሆኑን የሚለየው ስለዚህ ነው።

የንጉሡ ጦር

በአፄ ካሌብ ልጅ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት የሆነው ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ስለሚሣል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡም በጦሩ ተደግፎ ሲያዳምጥ፣ የጦሩ ጫፍ በቅዱሱ እግር ላይ ተተከለ። ዘማሪው በዜማው፣ ንጉሡም በመስማት ተመሥጠው ስለ ነበር ደም እስኪፈስ ድረስ ሁለቱም አላወቁም። ምስጋናው ካበቃ በኋላ ንጉሡ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ ስለ ደሙ ካሣ የሚሻውን ሁሉ እንዲጠይቀው ተማፀነው።

የዚያን ዘመን የአክሱም ንጉሥ ሊሰጥ የሚችለው ብዙ ነበር። ወርቅ፣ ርስትና ሹመት ነበረው። ቅዱስ ያሬድ ግን የጠየቀው ከቤተ መንግሥት ርቆ በገዳም እንዲኖርና እንዲያስተምር ፈቃድ እንዲሰጠው ብቻ ነው። ንጉሡ ይህን ሲሰማ አዘነ፤ የማለውን መሐላ ማፍረስ ስላልቻለ ግን ፈቀደለት።

ሥዕሉን የምናውቀው ሁላችን ዓይናችን በጦሩ ላይ ያርፋል። ከጦሩ ቀጥሎ የመጣው ልመና ግን የበለጠ ሊታሰብ ይገባዋል። ያሬድ በአክሱም ቢቀር ኖሮ የንጉሥ ዘማሪ ሆኖ ይከበር ነበር፤ ዜማውም ከቤተ መንግሥቱ ጋር በታሰረ ነበር። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ አክሱም ስትደክም ዜማውም አብሮ በደከመ ነበር። እርሱ ግን ዜማውን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ለደቀ መዛሙርት ሰጠው። ነገሥታትና መናገሻ ከተሞች ሲለዋወጡ ዜማው ሳይቋረጥ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

መጻሕፍቱና የዓመቱ ሥርዓት

ቅዱስ ያሬድ የደረሳቸው የዜማ መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ እነርሱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ይባላሉ። ድጓ ከመስከረም ጀምሮ የዓመቱን በዓላት የሚከተል ሲሆን ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ ተብሎ ይከፈላል። ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም የተለየ ነው። ምዕራፍ በየዕለቱና በየሳምንቱ የሚደርሰውን አገልግሎት ይይዛል። ዝማሬ ከቅዱስ ቍርባን በኋላ የሚዘመር ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር የሚባሉ አምስት ክፍሎች አሉት። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚደርስ የጸሎት ዜማ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ስንመለከት ቅዱሱ የሰውን ዕድሜና የምድርን ዓመት በሙሉ በዜማ እንደ ሸፈነ እንረዳለን። ዝናም ሲመጣ፣ አበባ ሲፈነዳ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ጾም ሲገባ፣ ትንሣኤ ሲበሠር፣ ሰው ሲሞት የሚዘመረው ዜማ ሁሉ በእነዚህ ውስጥ ይገኛል። ቃላቱንም ከመጻሕፍተ ብሉያትና ሐዲሳት፣ ከሊቃውንት ትምህርትና ከቅዱሳን ገድል አውጣጥቶ ስላዘጋጀ፣ ድጓን የተማረ ሰው ዜማን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትን ጭምር የተማረ ይሆናል።

ወደ ስሜን

ከአክሱም ከመውጣቱ በፊት ቅዱስ ያሬድ ጽዮንን ሊሰናበት ገባ። ለእመቤታችን ምስጋና የሆነውን አንቀጸ ብርሃንን የደረሰው በዚያን ጊዜ እንደ ሆነ፣ ሲጸልይም ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። ከዚህ በኋላ ወደ ጠለምትና ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። በጋይንት በምትገኘው በዙር አምባም ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር እንደ ቆየ የአካባቢው ትውፊት ያስረዳል። ዙር አምባ እስከ ዘመናችን የዝማሬና የመዋሥዕት መማሪያ ሆና የታወቀችው ከዚህ የተነሣ ነው።

በስሜን ብርድ፣ በዋሻ ውስጥ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምር ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዕረፍቱ ስትናገር ሞተ ሳይሆን ተሰወረ ትላለች። በትውፊት እንደሚነገረው ይህ የሆነው በ571 ዓ.ም.፣ በ66 ዓመቱ ነው። መቃብሩ ይህ ነው ተብሎ የሚታይ ሥፍራ የለም። የቀረልን ዜማው ነው።

ዜማው ያለ ኦርጋን ስለ ምን ቆመ?

የውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናትን የጎበኘ ወይም በቴሌቪዥን የተመለከተ ምእመን በዚያ የሚሰማውን ታላቅ የኦርጋን ድምፅ ሲያስብ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ መሣሪያ ለምን እንደሌላት ይጠይቅ ይሆናል። በአገራችን በተለምዶ ኦርጋን የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ጥንታዊው ኦርጋን ግን ሌላ ነው። ከእንጨትና ከብረት በተሠሩ ብዙ ቧንቧዎች የሚደረደር፣ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ባለ መንፊያ አየር የሚሞላ፣ ቁልፉ ሲነካ አየሩ ወደ ቧንቧው ገብቶ የሚጮኽ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች አሏቸው።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ መሣሪያ የተወለደው በእስክንድርያ መሆኑ ነው። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ክቴሲቢዮስ የተባለ የእስክንድርያ መሐንዲስ በውኃ ግፊት የሚነፋ ኦርጋን ሠራ። እስክንድርያ ከጊዜ በኋላ የቅዱስ ማርቆስ መንበርና የእኛም ቤተ ክርስቲያን እናት የሆነችው ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የእስክንድርያ አባቶች ኦርጋንን ወደ ቤተ መቅደስ አላስገቡትም። በቍስጥንጥንያም መሣሪያው የቤተ መንግሥት ጌጥ እንጂ የቅዳሴ ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ757 የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከ፤ በኋላም በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቦታ አገኘ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን በአብዛኛው በሰው ድምፅ ጸንተው ቆዩ።

ኦርጋን ወደ አገራችንም መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ካቀረቧቸው ስጦታዎች መካከል ሰይፍ፣ የጦር ልብስ፣ መድፍ፣ ባሩድ፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን ይገኙበት ነበር። ኦርጋን የሚመታ ባለሙያም ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል አብሮ መጣ። ይህን የምናውቀው ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጉዞው ከጻፈው መጽሐፍ ነው። መሣሪያው በንጉሡ ከተማ ታየ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓተ ማኅሌት ውስጥ ግን አልገባም።

ያ ስጦታ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በታላቅ ጦርነት ተናወጠች። የግራኝ አሕመድ ጦር አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ መጻሕፍትም ጠፉ። አፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፈ። በዚያ የመከራ ዘመን ከመጥፋት የተረፈው በሰው ልብ ውስጥ የነበረውና በስውር የተጠበቀው ነው። በጋይንት የቤተልሔም ሊቃውንት ዘንድ ድጓ በዚያ ተጠብቆ እንደ ተረፈ ይነገራል። ቤተልሔም እስከ ዛሬ የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ጦርነቱ ሲበርድ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት አደራጁ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት የዜማ ምልክቶች፣ ከእነርሱም ጋር ከቃላት አናት ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት ምልክቶች በመጻሕፍት ሰፈሩ። እነዚህ ሊቃውንት ዜማ በቃል ብቻ ሲተላለፍ አንድ ትውልድ ቢያልቅ አብሮ ሊያልቅ እንደሚችል በዓይናቸው አይተዋል። ምልክቱ ግን መምህሩን አልተካም። ድፋትን በብራና ላይ ያየ ሰው ድምፁን እንዴት እንደሚደፋ ከመምህር አፍ ካልሰማ ሊያዜመው አይችልም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ዝም ያለ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ የያሬድ ሥርዓት ኦርጋንን ያልፈለገው መሣሪያን ስለ ናቀ አይደለም። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ዜማውን ያጅባሉ፤ በገናም በጾም ወራት በየቤቱ ይደረደራል። ዜማውን የሚሸከመው ግን እግዚአብሔር በአዳም አፍንጫ እፍ ያለበት እስትንፋስ ነው። ካህናቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሲቀባበሉ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ያወጣል፤ ከሁሉም አንድ ምስጋና ይሆናል።

የኦሞ ምድር ዋሽንቶች

ይህን ነገር ለደቡብ ኦሞ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በጂንካ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖሩት አሪዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን የቀርከሃ ዋሽንቶች በቡድን ይነፋሉ። አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ አይሠራም፤ እርሱ የሚያወጣው ጥቂት ድምፅ ነው። ተራውን ጠብቆ ሲያስገባ፣ ጓደኛውም ሲቀጥል ዜማው ይሞላል። በጎረቤታቸው በደራሼ ምድር ፊላ የሚባለው የነፊዎች ጭፈራም እንዲሁ ነው። ምዕራባውያን በአንድ ሣጥን ውስጥ የደረደሩትን ቧንቧ የእነዚህ አገር ሰዎች በሰው እጅ ላይ አድርገው ይዘውታል። በኦርጋን አንድ ሰው ሁሉንም ቧንቧ ያዝዛል፤ በዋሽንቱ ግን አንድ ሰው ቢጎድል የእርሱ ድምፅ ይጎድላል። በዚህ በኩል የእኛ ማኅሌት ከኦርጋን ይልቅ ለአሪ ዋሽንት ይቀርባል። በዚያ አገር ያደገ ልጅ ተራን ጠብቆ በጋራ ማዜምን ከመምህር ቤት ሳይገባ ከመንደሩ ተምሯል ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ወደዚያ አካባቢ በስፋት የደረሰችው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከወታደሩ ጋር ካህናትም ታቦት ይዘው ወረዱ፤ ከጂንካ በፊት የአስተዳደር መቀመጫ በነበረችው በባኮ አካባቢም ሰፈሩ። በዚያን ጊዜ የአገሬው ሰው የያሬድን ዜማ የሰማው ከርስቱ ላይ ከተተከለ ባለ ጠመንጃ ጋር አብሮ ስለ ነበር፣ ዜማውን የእንግዳ ዜማ አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። ይህን በቅንነት መናገር ይገባል። ዜማው የአገሬው የሚሆነው የአገሬው ልጅ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማረውና ራሱ መሪጌታ ሆኖ ሲመራው ነው። ቅዱስ ያሬድም ከጦር አጠገብ ቆሞ አዜመ፤ የመረጠው ግን ከጦሩ ርቆ ማስተማርን ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአገልጋይ እጦት እንደሚቸገሩ የታወቀ ነው። በምእመናን ላብ የተሠራ ሕንፃ ይኖራል፤ ቆርቆሮው ያበራል፤ ንዋየ ቅድሳቱም ይሟላል። ማኅሌት የሚቆም ደብተራ ግን አይገኝም። ካህን ከሩቅ ተጠርቶ መጥቶ ቀድሶ ይመለሳል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዝምታ ይሆናል። ኦርጋን ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ተገዝቶ በመኪና ተጭኖ ይደርስ ነበር። ድጓ ግን እንዲህ አይጫንም። ድጓ የሚደርሰው ብዙ ዓመት በተማረ ሰው ልብ ውስጥ ሆኖ ነው። ያ ሰው እንዲኖር ደግሞ ልጁን ለአብነት የሚሰጥ ወላጅ፣ ተማሪውን የሚመግብ መንደር፣ ለመምህሩም ጎጆና ቀለብ የሚያዘጋጅ ሰበካ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ በቅርብ ያጣናቸው አንዲት እናት የሠሩት ሥራ አርአያ ሊሆነን ይችላል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ደራሲ ነበሩ፤ በምንኵስና ሕይወት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የዜማ ተማሪዎች እየለመኑ እንደሚማሩና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚያድሩ አዩ። ለእነርሱ መርጃ እንዲሆን በማሰብም የፒያኖ ድርሰታቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የባዕድ አገር መሣሪያ የሚመቱት እማሆይ መሣሪያቸውን ወደ ማኅሌት አላስገቡም፤ ከመሣሪያው የሚገኘውን ግን ዜማውን በልባቸው ለሚሸከሙት ልጆች አሰቡ። በእርግጥም ያሬድ ያለ ፒያኖ ይኖራል፤ ያለ ተማሪ ግን አይኖርም።

ከበዓሉ ምን እንማር?

የቅዱስ ያሬድን በዓል ስናከብር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ክብሩ ነው። በስሙ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰየሙ፣ የዜማ ምልክቱ በውጭ አገር ምሁራን መጠናቱ፣ ለአገራችን ኩራት መሆኑ ይነገራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ቅዱሱ በሕይወቱ የመረጠው ክብርን አልነበረም። በንጉሡ ፊት ደሙ ሲፈስ የለመነው ማስተማሪያ ቦታ ነው።

በአሪ ደጋ ወይም በጂንካ ገበያ አጠገብ የሚያድግ አንድ ልጅ አፉን የፈታው በአሪኛ ይሆናል። ፊደል ሲቆጥር ይቸገራል፤ ግዕዝም ይከብደዋል። መዝሙረ ዳዊት ላይ ሲደርስ ባልንጀሮቹ ይቀድሙት ይሆናል። ይህን ልጅ ቋንቋው ሩቅ ነው፣ አይሆንለትም ብለን የምንመልሰው ከሆነ በአክሱም የነበረውንም ልጅ እንመልሰው ነበር። እርሱም አይሆንለትም ተብሎ ነበርና። አባ ጌዴዎን ግን ተቀበለው። ያች ትል በማይ ኪራህ ስድስት ጊዜ ወድቃለች።

እንግዲህ በዓሉን የሚያከብር ቤተሰብ ሁሉ በቤቱ ካሉት ልጆች አንዱ እንኳ የያሬድን ዜማ እየተማረ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። የሰበካ ጉባኤ አባላትም ለሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ሲያሰባስቡ ለመምህሩና ለተማሪው የሚሆነውን አብረው ያስቡ። በከተማ የሚኖሩ ምእመናንም በሩቅ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሲረዱ ከጃንጥላና ከመጋረጃ ጋር የአንድ የዜማ ተማሪን ቀለብ ይጨምሩ። ይህ ሲሆን ዜማው ከአክሱም ተነሥቶ ስሜንንና ጋይንትን አልፎ ኦሞ ምድር ደርሷል ማለት እንችላለን። ግንቦት 11 ቀን በጂንካ ማኅሌት ሲቆም ከመሪው አፍ የሚወጣው ዜማ የሩቅ እንግዳ ዜማ ሳይሆን የዚያው አገር ልጅ እስትንፋስ ይሆናል።

አምላከ ያሬድ ለመምህራኑ ትዕግሥትን፣ ለተማሪዎቹ ማስተዋልን ይስጥልን። የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።